የአጎቴ የናቅፋ ግንባር ደብዳቤዎች፦ ዓመት ያልተጻፈበትን እንዴት ልወቀው? የሰራዊት ቤተሰብ የነበራችሁ እርዱኝ

ዘጌ_ቡና
ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ዘጌ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፣ ባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ በቀን ሰራተኝነት እየሰራ እያለ በ76 ብሄራዊ ውትድርና ሲጀመር በመጀመሪያው ዙር ሄደ፣ እንደሄደ ቀረ። አያቴ አሁንም በህይወት አለች ዘጌ ነው ያለችው። ደብዳቤዎቹን በብስኩት ቆርቆሮ አድርጋ ሳጥኗ ውስጥ ነበር የምታስቀምጣቸው፣ ባለፈው ክረምት ጣራው አፍስሶ ቆርቆሮው መዛግ ሲጀምር ወደኔ ወደ ባህር ዳር መጡ። በንጹህ ወረቀት ልገለብጣቸው ቁጭ ስል ነው ነገሩ የከነከነኝ።

ደብዳቤዎቹ ያው የዛን ጊዜ ደብዳቤ ናቸው፣ ከግማሽ በላይ ሰላምታ ነው። «ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል፣ እኔ ልጅሽ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምርና ከዛ አባቱን፣ እህቶቹን፣ አክስቱን፣ የንስሃ አባታቸውን፣ በታንኳ የሚያሻግረውን ሰውዬ ሳይቀር እየጠራ ሰላም ይላል፣ አንዱ ላይ በሬውንም ሰላም ብሎታል እውነቴን ነው። ቦታ የለም፣ «ካለሁበት» ብቻ። ስለ ውጊያ አንድም ነገር የለም። ውሃ በኮዳ እየተለካ እንደሚሰጣቸው፣ ተራራው ድንጋይ ብቻ እንደሆነ፣ ሌሊት ብርዱ እንደሚጠብስ፣ በቃ ይሄን ይሄን ነው የሚለው።

አብዛኛዎቹ ቀን አላቸው። አንዱ ግን ቀንም ዓመትም የለውም፣ ጭቅጭቁ ያለውም እሱ ላይ ነው። ከአፋቤት (በ80 መጋቢት ጦሩ ካለቀበት ውጊያ) በኋላ ነው እጃችን የገባው፣ እሱ ላይ ሁሉም ይስማማል፣ ሀገሩ ሁሉ ልጁን ሲያለቅስ እኛ ቤት በክረምት ደብዳቤ መጣ። እናቴ የ80 ክረምት ነው ትላለች፣ አክስቴ ደግሞ የለም 81 ነው ብላ ትምላለች። በዚህ ደብዳቤ ምክንያት ተዝካር አልወጣም፣ እርም አልወጣም፣ «ከአፋቤት በኋላ ጽፏል» ተብሎ እስከዛሬ አለን።

ፍንጭ የሚሆን ነገር ያለው ይሄ ቦታ ብቻ ነው፣ እንዳለ ገለበጥኩት (ስም አወጣሁ)፦

«ዘንድሮ ሁዳዴ በሥላሴ ገባብን፣ ቶሎ ነው። እኛስ ኮቾሮና ሻይ ሆኖ ኑሯችን ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ነን፣ አንቺ ግን በባዶ ሆድሽ ቡና አታብዢ። ሁለት ዓመት ያሉት አራት ሆነ። ለፋሲካ ፈቃድ እጠይቃለሁ ብያለሁ፣ ከሰጡኝ እመጣለሁ፣ ካልሰጡኝም አትዘኚ።»

የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ የ80 ነው የ81?

አባይ_ማዶ
ፖስታው ላይ ማህተም ይኖራል እኮ። ቴምብሩ ላይ የተመታውን በደንብ እዪው፣ በሞባይል አጉልተሽ ፎቶ አንሺና ለጥፊው።

ዘጌ_ቡና
የለውም። ሌሎቹ በፋብሪካው ጓደኛው ፖስታ ሳጥን ነበር የሚመጡት፣ ይሄኛው በሰው እጅ የመጣ ነው። ከአስመራ በመኪና የመጣ ሹፌር ፋብሪካው በር ላይ ለጓደኛው ሰጠው፣ ጓደኛው ደግሞ በቅዳሜ ጀልባ ዘጌ ይዞት ሄደ። ፖስታም የለውም፣ ወረቀቱ ታጥፎ ታጥፎ በክር ታስሮ ነው የመጣው። ወረቀቱ ራሱ ከመዝገብ የተቀደደ ይመስላል፣ መስመሩ የሂሳብ ነው።

የቀድሞው_ወታደር
እህቴ ጽሁፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። እኔ በዛን ሰዓት ከረን ነበርኩ፣ ሁለተኛው አብዮታዊ ሰራዊት ውስጥ፣ ያጎትሽን ክፍል ግን አላውቅም።

የማውቀውን ልንገርሽ። እኛ ክፍል ውስጥ ደብዳቤ ፖስታው ሳይታሸግ ነበር ለፖለቲካ ሰራተኛው የሚሰጠው፣ እሱ አይቶ ነው የሚያሽገው። ስለዚህ ቦታ የለም፣ የክፍል ቁጥር የለም፣ ስንት ሰው እንደቀረ የለም። አጎትሽ ሰላምታ ብቻ የጻፈው ሌላ የሚለው ጠፍቶት እንዳይመስልሽ። እኛ ቤተሰብ እንዲገባው የምናደርገው በሰላምታው ነው፣ ለምሳሌ አብሮኝ የሄደ ያገሬ ልጅ ቢኖር በየደብዳቤው «እገሌም ሰላም ይላችኋል» እላለሁ፣ አንድ ቀን እሱን ከተውኩት እናቱ ጋ ሄዶ ማን እንደሚያረዳት ሰፈሩ ይመካከራል። እስቲ ደብዳቤዎቹን በተራ ደርድሪና «ሰላም ይላችኋል» የተባሉትን ስሞች ተከታተይ፣ መቼ ማን እንደጠፋ ታዪያለሽ። በሰው እጅ የሚላከው ግን ሳይታይ ስለሚሄድ ትንሽ ልቀቅ ይላል፣ «ሁለት ዓመት ያሉት አራት ሆነ» የሚለው ለዚህ ነው እዛ ወረቀት ላይ የተገኘው፣ በፖስታ ቢሆን አይጽፋትም ነበር።

እሷ ነገር እውነት ናት። የ75ቱ አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሰው ስድስት ወር ሰልጥኖ ሁለት ዓመት ያገለግላል ነው የሚለው። ሁለት ዓመቱ ሲሞላ ማን ሊለቅህ። ምትክ የለም፣ ግዳጅ ላይ ነን፣ ይቆይ። በ78 ነጻ እወጣለሁ ብሎ ልብስ ያጠበ ልጅ አውቃለሁ እኮ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሹፌሩ ከአስመራ በመኪና መጣ ካልሽ እኔ 80 ነው የምለው። በ81 የካቲት ሽሬ ላይ 604ኛ ኮር ከተመታ በኋላ ጦሩ ትግራይን ለቆ ወጣ፣ ከዛ በኋላ አስመራን ከመሀል አገር የሚያገናኛት አውሮፕላንና መርከብ ነው እንጂ የምን መኪና። በ81 ክረምት ከአስመራ ባህር ዳር በመኪና ደብዳቤ ይዞ የመጣ ሹፌር ካለ ላየው እፈልጋለሁ። በ80 ግን በአጀብም ቢሆን ይመጣ ነበር።

ስለ አፋቤት ብዙ አልልም። ናደው ዕዝ፣ ማለትም ናቅፋ ግንባርና አፋቤት ላይ የነበረው ጦራችን፣ መጋቢት 8 ቀን 80 ተመታ፣ በቀናት ውስጥ አለቀ። ከዛ በፊት በየካቲት አዛዡን ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔን ገድለዋቸው ነበር፣ ጠላት አይደለም የገደላቸው፣ የራሳችን መንግስት። ወታደሩ ያንን ሰምቶ ነው ምሽግ ውስጥ የተቀመጠው። ሻዕቢያ 18 ሺህ ገደልኩ ማረክሁ አለ፣ ሶስት የሶቭየት መኮንኖች ሳይቀሩ ተማረኩ። የኛ ሬዲዮ ዝም ነው፣ ሰዉ ከጀርመን ድምፅ ነው የሰማው።

ዘጌ_ቡና
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የስሞቹን ነገር አሁኑኑ አያለሁ። የመኪናው ነገር ደግሞ ጭራሽ አስቤው አላውቅም።

ሰፈነ_ሰላም_ልጅ
ይሄን ክር ሳይ ልጅነቴ መጣብኝ። እኛ ሰፈር የደብዳቤ አንባቢው እኔ ነበርኩ፣ ስድስተኛ ክፍል ነኝ። እናቶቹ መሰረተ ትምህርት ገብተው ሀ ሁ ቆጥረዋል፣ ስማቸውንም ይፈርማሉ፣ የእጅ ጽሁፍ ግን እምቢ ይላቸዋል፣ በዛ ላይ ወታደር ሲጽፍ ምሽግ ውስጥ በጉልበቱ ላይ ነው፣ ፊደሉ ይዘላል። ስለዚህ «ና እስቲ አንተ ልጅ» ይሉኛል፣ ቆሎ ይዘገንልኛል፣ አነባለሁ። ሲያልቅ «ድገመው»። እደግማለሁ። «ያቺን ስለኔ ያላትን ብቻ ድገማት»።

አንዷ እናት ነበሩ ልጃቸው ቆስሎ አስመራ ሆስፒታል ሆኖ የጻፈላቸው። እኔ ደግሞ «እግሬን ተመትቼ» የምትለው ላይ ደረስኩና ዘለልኳት፣ ማንም ዝለል አላለኝም፣ አፌ እምቢ አለኝ በቃ። እሳቸው ግን ዝም ብለው አዩኝና «ምን ላይ ነው ያደናቀፈህ?» አሉኝ። ማንበብ አይችሉም እንጂ አንባቢውን ያነባሉ። የዛኔ እናቶች ፊት ላይ ምንም አታመልጥም።

ምን ለማለት ነው፣ አያትሽ ያንን ደብዳቤ ማን እንዳነበበላቸው ጠይቂ። አንባቢው ምን እንዳነበበ ሌላ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ጎጃሜው_77
ይሄ ሁሉ የማን ጥፋት እንደሆነ እኮ ይታወቃል፣ ያኔም ድሃው ገበሬ ነው አሁንም ድሃው ገበሬ ነው፣ በተለይ እነዛ [ተቆርጧል]

አወያይ
ጎጃሜው፣ ቀሪውን ቆርጬዋለሁ። ፖለቲካ የምትፈልጉ ሌላ ክር አለላችሁ። እዚህ ሰው የአጎቱን ደብዳቤ ይዞ ነው የመጣው።

ጎጃሜው_77
እሺ ይቅርታ። የኔም ታላቅ ወንድም እዛው ስለቀረ ነው። ደብዳቤ የሚባል ነገርም አልደረሰንም፣ ፊደል አልቆጠረም ነበር።

መሪጌታ_ያልሆነው
እህታችን ጥያቄሽ እኮ ተመልሷል፣ መልሱን ራሱ አጎትሽ ጽፎታል። ዓመት መጻፍ ምን ያደርጋል ሁዳዴ በሥላሴ ገባ ካለ።

ሥላሴ በወር በወሩ በ7 ነው። ሁዳዴ ደግሞ ሁልጊዜ ሰኞ ነው የሚገባው፣ ቀኑ ግን በየዓመቱ ይዘዋወራል። እስቲ የ80ን በባህረ ሐሳብ፣ ጾምና በዓል መቼ እንደሚውል በሚሰላበት የቤተ ክርስቲያን ቁጥር፣ እንቁጠር። 5500 ላይ 1980 ስትጨምሪ 7480፣ ለ19 ስታካፍዪ 13 ይተርፋል፣ አንድ ለዘመኑ ተቀንሶ ወንበር 12። በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፣ ለ30 የጎደለው መጥቅዕ 18። መስከረም 18 በዛ ዓመት ማክሰኞ ዋለ፣ የማክሰኞ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 5፣ ስትደምሪው መባጃ ሐመር 23። መጥቅዑ መስከረም ላይ ስለዋለ ነነዌ ጥር 23 ገባች ማለት ነው። አስራ አራት ቀን ጨምሪ፣ ሁዳዴ የካቲት 7። ሥላሴ!

ሌላ ዓመት እንዳይሆን ብዬ ያገለገለባቸውን ዓመታት ሁሉ ሰርቻቸዋለሁ። በ76 የካቲት 19 ገባ፣ በ77 የካቲት 11፣ በ78 መጋቢት 1፣ በ79 የካቲት 16፣ በ81 የካቲት 27፣ በ82 የካቲት 12፣ በ83 የካቲት 4። ሰባት ላይ የገባው የ80 ብቻ ነው። «ቶሎ ነው» ያለውም ልክ ነው፣ ፋሲካ ሚያዝያ 2 ነበር የዋለው።

እንግዲህ የተጻፈው የካቲት 7 ወይም ከዛ ጥቂት ቀን አልፎ፣ ከአፋቤት አንድ ወር ያህል በፊት ነው። መልካም ዜና እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ጠየቅሽ።

ዘጌ_ቡና
ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው።

የሚገርመው ማረጋገጫውም እዚሁ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ቀን ካላቸው ደብዳቤዎች አንዱ በ79 የካቲት የተጻፈ ነው፣ እንዲህ ይላል፦ «ዘንድሮ ሁዳዴ ከኪዳነ ምህረት ጋር ገጠመ፣ ዑራ ንግሱን በጾም ልታሳልፉት ነው፣ ጠላው ቢኖርም ዶሮው ቀረ።» አንተ ደግሞ ለ79 የካቲት 16 ብለሃል። ለካ ልጁ ሁሉንም ነገር በጾምና በንግስ ነበር የሚቆጥረው፣ ዑራ ኪዳነ ምህረት አጠገብ ያደገ ልጅ ምን ያድርግ።

ጋሼ የነገሩኝን ስሞቹንም ደረደርኳቸው። ከሱ ጋር አብሮ የሄደ የዘጌ ልጅ እስከ 78 ሐምሌ «ሰላም ይላችኋል» ይባላል፣ ከዛ የለም። የዛን ልጅ ቤተሰብ ጠየቅኩ፣ ተዝካሩን ያወጡት በ79 ነው፣ ወረቀት ከመንግስት ሳይመጣላቸው።

አሁን የጨነቀኝ ሌላ ነው። እናቴ ለአያትሽ እንዳትነግሪያት ብላኛለች። ሰማንያውን ያለፈች ሴት ናት፣ ይሄን ሁሉ ዘመን በዚያች ወረቀት ነው የኖረችው። እናንተ ብትሆኑ ትነግሯታላችሁ?

አባይ_ማዶ
በፍጹም አትንገሪያት። ምን ይጠቅማታል? እውነት እውነት ትላላችሁ እንጂ አሮጊት ሴት ላይ አዲስ ለቅሶ መጣል ጭካኔ ነው። ወረቀቱን ገልብጠሽ ዋናውን መልሺላት፣ አለቀ።

ሽምብጥ_እናት
ቆይ ቆይ፣ ሁላችሁም ሞቷል ብላችሁ ጨረሳችሁት እንዴ? ደብዳቤው ከአፋቤት በፊት ተጻፈ ማለት እኮ ልጁ አፋቤት ላይ ሞተ ማለት አይደለም። አባቴ አፋቤት ላይ ተማርኳል። እኛ ምንም አልሰማንም፣ አያቶቼ ተዝካሩን ደግሰው አወጡለት። 83 ላይ ደርግ ከወደቀ በኋላ አንድ ቀን ከስቶ በሸበጥ ከች አለ፣ የተዝካሩን ጠላ የጠጡት ጎረቤቶች ናቸው እልል ብለው የተቀበሉት። እስኪሞት ድረስ «ጠላው እንዴት ነበር?» እያለ ሲያሾፍባቸው ኖረ።

ግን እውነቱን ለመናገር ያንቺ አጎት ቢማረክ ኖሮ በ83 ወይ በ84 ይመጣ ነበር። የቀድሞ ሰራዊት ማቋቋሚያ ኮሚሽን የሚባለው ተቋቁሞ ሰዉን እየመዘገበ ወደየሀገሩ ሲልክ እኛ ባህር ዳር አውቶብስ ተራ እየሄድን የሚወርደውን ሰው ሁሉ እናይ ነበር፣ አባታችን ቢመጣም እናቴ የሁለት ወንድሞቿን መምጣት ትጠብቅ ስለነበር። እነሱ አልመጡም። ስለዚህ ንገሪያት ወይም አትንገሪያት አልልም፣ ግን እሷ ራሷ ምን እንደምታስብ መጀመሪያ ጠይቂያት። እኛ ልጆች እናቶቻችን የማያውቁ ይመስለናል።

የቀድሞው_ወታደር
ሽምብጥ እናት ያለችው ልክ ነው። እኔም የምጨምረው ደብዳቤው ለሞትም ለህይወትም ምስክር እንደማይሆን ነው፣ በዛ ቀን እስክሪብቶ ይዞ ነበር፣ እሱን ብቻ ነው የሚመሰክረው። ስንቱ ጽፎ ሰጥቶ ደብዳቤው ሳይነሳ እሱ የተነሳ አለ።

ወረቀት_ወዳጅ
በዚህ መሃል ስለ ወረቀቶቹ እኔ ልናገር፣ የመዝገብ ቤት ስራ ስለሰራሁ። እህቴ እባክሽ ፕላስቲክ አታስለብጪው! ሰዉ ላሚኔት አስደርጎ «አተረፍኩት» ይላል፣ እርጥበቱን አብሮ አሽጎ ነው፣ መመለሻም የለውም። በስኮችም አትለጥፊው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማጣበቂያው ቢጫ ሆኖ ፊደሉን ይበላዋል። የተጣጠፈውን ካውያ እንዳታስነኪው፣ ዘርግተሽ በሁለት ንጹህ ነጭ ወረቀት መሃል አድርገሽ ከበድ ያለ መጽሃፍ ጫኚበት ይበቃል። የዛገውን ቆርቆሮ ጣዪው ወይም ባዶውን ለትዝታ አስቀምጪው፣ ደብዳቤዎቹን በካርቶን ፖስታ ከመሬትና ከግድግዳ አርቀሽ አኑሪ። ዘጌ ሀይቁ ዳር ነው፣ ክረምት ላይ ወረቀት ይልባል፣ ስለዚህ ዋናው ባህር ዳርም ቢሆን ደረቅ ክፍል ቢሆን ይሻላል።

ፎቶ ስታነሺ ከሰዓት በኋላ ጥላ ውስጥ፣ ያለ ፍላሽ፣ ከላይ ቀጥ አድርገሽ። ጀርባውንም ባዶ ቢሆን እንኳ አንሺ። የእስክሪብቶው ቀለም የሳሳውን ብርሃኑን ከጎን አድርገሽ ብታነሺው የተጫነበት ምልክት ፊደሉን ያወጣልሻል። ስትገለብጪ የፊደል ስህተቱን አታርሚለት፣ «ኢትዮጲያ» ብሎ ከጻፈ «ኢትዮጲያ» ይሁን። ቤተሰቡ ከፈቀደ ደግሞ ቅጂውን አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሄራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻህፍቱ) ብትወስጂው ጥሩ ነው፣ የጄኔራሎች ታሪክ በየመጽሃፉ አለ፣ የተራ ወታደር የእጅ ጽሁፍ ግን በየሳጥኑ እየበሰበሰ ነው።

ዘጌ_ቡና
ሰዎች ሰንብቼ መጣሁ፣ ዘጌ ሄጄ ነበር።

ለእናቴ ሳልነግር ነው የሄድኩት። ሽምብጥ እናት እንዳለችው አልነገርኳትም፣ ጠየቅኳት። ቡና እያፈላች ነው፣ «እምዬ ያቺን በክር ታስራ የመጣችውን ደብዳቤ ማን ነው ያነበበልሽ?» አልኳት። የመምህሩ ልጅ ነው አለች። «ምን ይላል ብሎ አነበበልሽ?» ስላት ደብዳቤውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሏ አለችው፣ እኔ ገልብጬ የያዝኩትን ወረቀት እያየሁ ነው የምከተላት፣ አንዲት ቃል አልሳተችም፣ በባዶ ሆድሽ ቡና አታብዢ የምትለዋ ላይ ስትደርስ ስኒውን እያየች ሳቀች። ከዛ ሁዳዴው ላይ ስትደርስ ቆም አለችና እንዲህ አለችኝ፦

«በሥላሴ የገባው ሁዳዴማ የዚያን ዓመት ነው። ልጁ ሲያነበው ነው ያወቅሁት። ወሬው ከመምጣቱ በፊት የጻፈው ነው።»

እኔ ምን ልበል? ጾም ለስልሳ እና ሰባ ዓመት የቆጠረች ሴት ሁዳዴ መቼ እንደገባ ይጠፋታል ብለን ስንጨቃጨቅ የኖርነው እኛ ነን። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት። አያቴ የምትለው ይሄን ነው፣ አያታችን (ባሏ ማለቴ ነው) ያቺን ወረቀት በኪሱ ይዞ ባህር ዳር ገበያ ድረስ ይሄድ ነበር፣ «ልጄ ከአፋቤት በኋላ ጽፎልኛል» እያለ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ያሳይ ነበር። «እሱን ምን ልበለው? ሰውዬው ሌላ ምርኩዝ አልነበረውም፣ ቡናውን የሚለቅመው እንኳ ልጄ ሲመጣ ዕዳ እንዳያገኘው እያለ ነው።» እሱ የሞተው በ94 ነው። ከዛ በኋላስ ስላት «ከዛ በኋላማ እናንተ ያዛችሁት» አለችኝ። እናቴንና አክስቴን ማለቷ ነው።

እርም አላወጣችም ያልኩትም ነገር እንደኛ እንደ ልጆቹ ወሬ ነው። ተዝካር አልደገሰችም እንጂ ስመ ክርስትናውን ለንስሃ አባቷ ሰጥታ ከሙታን ጋር ስታስጠራው ነው የኖረችው፣ ከ81 ጀምሮ። ቄሱም ያውቁ ነበር፣ የቀደሙት ቄስም ያውቁ ነበር። ዘጌ ላይ የማያውቀው የኛ ቤት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ለእናቴ ማን ይንገራት ስላት «እኔ እነግራታለሁ፣ አንቺ ወረቀቱን ብቻ ደህና አድርጊልኝ» ነው መልሷ።

የቀድሞው_ወታደር
ለእናታችን ከጡረተኛው ወታደር ሰላምታ አድርሽልኝ። ሌላ ምንም የምጽፈው የለኝም ዛሬ።

አባይ_ማዶ
እኔ አትንገሪያት ያልኩት ሰውዬ ነኝ። ማን ማንን ይነግራል! አሁንም ግን ለእናትሽ ትንሽ ቀን ስጧት ነው የምለው፣ ከአያትሽ ይልቅ እሷ ናት የምትከብዳት።

ሰፈነ_ሰላም_ልጅ
የመምህሩ ልጅ ግን አሁን የት ነው? ካለ እኔ ላገኘው እፈልግ ነበር፣ የሙያ ጓደኛዬ ነው 😄

ዘጌ_ቡና
ሰፈነ_ሰላም_ልጅ፣ አለ አሉ፣ ጎርጎራ በኩል አስተማሪ ሆኗል፣ እጠይቅልሃለሁ። አባይ_ማዶ ልክ ነህ፣ እናቴ ሰምታ ሁለት ቀን አልተናገረችም፣ አሁን ግን ተዝካሩ ካልወጣ ብላ አክስቴን ይዛ ተነስታለች። አያቴ ደግሞ ድግስ አልፈልግም ብላለች፣ የጤፉን ዋጋ ታውቃላችሁ ወይ ነው የምትለው። በጠበል ጸዲቅ ይለቅ አይለቅ ገና እየተጨቃጨቁ ነው።

መሪጌታ_ያልሆነው
ቀን መምረጥ ካስፈለጋቸው የወሩ ሥላሴ አለላቸው፣ የሰውየውን ስመ ክርስትና ለካህኑ ሰጥቶ በዛ ቀን ማስቀደስ ይቻላል። በሁዳዴ ውስጥ እንዳይሆን ብቻ ቀድመው ያስቡበት፣ ድግስ ካለ የፍስክ ነገር ይቸግራል። የዘንድሮውን ስሌት ከፈለግሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝ።

ወረቀት_ወዳጅ
እህቴ አንድ ነገር ረሳሁ፣ አያትሽ ደብዳቤውን በቃላቸው ሲሉት በሞባይል ድምፅ ቅጂያቸው። ሌሎቹንም በቃላቸው ያውቋቸው እንደሆነ ጠይቂ፣ ቀለሙ የጠፋው ቦታ ላይ ከሳቸው ሌላ ማንም ሊሞላልሽ አይችልም። ስንት ደብዳቤ ነው የሳሳብሽ?

ዘጌ_ቡና
ሁለት ናቸው፣ የ77ቱና አንዱ የ78። የ77ቱ ታችኛው ግማሽ ውሃ ነክቶት ሰማያዊ ሆኗል። ቅዳሜ በጀልባ እሄዳለሁ፣ እቀዳታለሁ፣ ቡና አብዝተሽ ጠጥተሽ እንዳትጠብቂኝ ብዬም ደውያለሁ።